ከመርከቡ ያልወረደው ሰው

እናትዓለምን ባሕር ዳር ውስጥ የሚያውቃት ሁሉ በሁለት ነገር ያውቃታል፤ በሂሳብ አስተማሪነቷና በፊልም ፍቅሯ። ሁለቱ በአንድ ሰው ውስጥ እንዴት ተስማምተው እንደሚኖሩ ለብዙዎች አይገባቸውም። ክፍል ውስጥ ጠመኔ ይዛ ስትቆም ፊቷ አይፈታም፤ የተሳሳተ ተማሪ ምክንያት ቢደረድር አትሰማውም። ሲኒማ አዳራሽ ገብታ መብራት ሲጠፋ ግን ሌላ ሴት ትሆናለች። ሁለት የማታውቃቸው ሰዎች በማታውቀው አገር ተዋደው ሲለያዩ፣ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ ታለቅሳለች። አጠገቧ የቀድሞ ተማሪዋ ተቀምጦ ከሆነ አንገቱን ደፍቶ ያላየ ይመስላል።

ፍቅሩ የያዛት በልጅነቷ ነው። አባቷ ከደብረ ብርሃን ተዛውረው የመጡ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሠራተኞች ክበብ ግድግዳ ላይ ነጭ አንሶላ ይወጠርና ፊልም ይታይ ነበር። ፊልሙ መሀል ላይ ይበጠሳል። ሰዉ ያፏጫል፣ ወንበር ያንኳኳል። ተቀጥሎ ሲመጣ የሆነ ነገር ዘሎ ይመጣል፤ ቅድም ተኳርፈው የነበሩት ልጅና ልጅቱ አሁን ተቃቅፈዋል። እንዴት እንደታረቁ ማንም አላየም። ትንሿ እናትዓለም ግን ቤቷ ገብታ አልጋዋ ላይ ተጋድማ የተበጠሰውን ቦታ ራሷ ትሞላዋለች። እሱ መጣ፤ እሷ ፊቷን አዞረች፤ እሱ አልሄደም፤ ቆመ፤ በመጨረሻ እሷም ዞረች። ሁልጊዜ እሱ ነው የሚመጣው።

ከዚያ የቪዲዮ ቤቶች ዘመን መጣ። ጥቁር መጋረጃ የተጋረደበት የጭቃ ቤት ውስጥ፣ አግዳሚ ላይ ተጠጋግቶ የህንድ ፊልም ማየት። ቋንቋውን የሚያውቅ አልነበረም፤ ግድ ያለውም አልነበረም። ልጅቱ ሀብታም ናት፣ ልጁ ድሃ ነው፣ አባትየው እንቢ ይላሉ፣ ይዘንባል፣ ይዘፈናል። ባቡሩ ሊነሳ ሲል አክተሩ ሮጦ ይደርሳል። አክተር አይሞትም ይሉ ነበር የዚያን ጊዜ ልጆች። አክተር አይረፍድበትምም።

ዛሬም ሁሉንም ታያለች፤ በዲሽ የሚመጣውን የቱርክ ተከታታይ፣ የአማርኛውን፣ ልጆቹ በስልክ የሚቀባበሉትን የኮሪያውን። አታማርጥም፤ ግን ታወዳድራለች። የድሮ ፊልም ሰው መጠበቅ ያውቃል ትላለች። አንድ ሰው መስኮት ሥር ቆሞ እስኪነጋ ይጠብቃል፤ ተመልካቹም አብሮት ይጠብቃል። የዛሬዎቹ ወሬ ያበዛሉ። ስልካቸውን እያዩ ይጣላሉ፣ ስልካቸውን እያዩ ይታረቃሉ። በአማርኛዎቹ ደግሞ በውርርድ የተጀመረ ፍቅር አለ፣ ለማስመሰል የተደረገ ጋብቻ አለ፣ ሹፌር መስሎ የገባ የባለሀብት ልጅ አለ። ሁሉም አዲስ አበባ ይዋደዱና ለጫጉላ ባሕር ዳር ይመጣሉ። ሐይቁ ላይ ይንሸራሸራሉ፣ አሳ ይበላሉ፣ ይመለሳሉ። «ፍቅር እኛ ከተማ የሚመጣው ለእረፍት ነው» ትላለች አንዳንዴ ለጓደኛዋ ለየሺመቤት፤ ሁለቱም ይስቃሉ።

ከእሷ ጋር የምትኖረው የወንድሟ ልጅ ጸሎት ናት። እዚሁ ተምራ እዚሁ ባንክ የተቀጠረች፣ ፈጣን፣ ደግ ልጅ። ጸሎትም ፊልም ትወዳለች፤ የምታየው ግን የስልኳን ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ሰክታ፣ ፍጥነቱን ጨምራ ነው። አንድ ቀን እናትዓለም ከጀርባዋ ቆማ ስታይ ሰዎቹ እንደ አሻንጉሊት ይንቀሳቀሳሉ።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ዝም የሚሉበትን ቦታ እየዘለልኩት ነዋ፣ እቴቴ። ዝም ብለው ሲተያዩ ይደብራል።»

«ፍቅሩ ያለው እኮ እዚያ ጋ ነው።»

«የቱ ጋ?»

«ዝም የሚሉበት ጋ» አለች እናትዓለም። አንዲት ሴት ይህን በሙሉ ልብ አምና ሠላሳ ዓመት ብትኖር ምን እንደሚያስከፍላት ግን ለጸሎት ነግራት አታውቅም ነበር።

ጠያቂ ጠፍቶ አይደለም ሳታገባ የቀረችው። ማስተማር በጀመረች ሰሞን አንድ ሰው ነበር፤ ጌትነት ይባላል። በሳምንት አንድ ጊዜ ከባሕር ዳር ተነስቶ ቁንዝላ አድሮ ጎርጎራ የሚገባው መርከብ ላይ የሞተር ሠራተኛ ነው። አባቱ የዘጌ መሪጌታ ናቸው። እሱንም ለቅኔ አስበውት ነበር፤ ልጁ ግን ከቅኔው ይልቅ ሞተር የሚያወጣው ድምፅ በለጠበትና ትቶ ወጣ። ዝምተኛ ነበር። «ሄድሁ፣ መጣሁ፣ በላሁ» ሲል መጀመሪያ የደብረ ብርሃን ሰው ልጅ እናትዓለም ትስቅበት ነበር፤ በኋላ ያቺን «ሁ» ለመስማት ስትል ብቻ የማያስፈልግ ጥያቄ ትጠይቀው ጀመር።

የሞተር ቅባት በጨርቅ ሲጠርግ ከትንሿ ጣቱ ጀምሮ አንድ በአንድ ነበር የሚጠርገው። ፊልም ቤት በር ላይ ቆሞ እንዲህ ሲጠርግ አይታው ነው ልቧ የሄደው። በየሳምንቱ መርከቡ ሲመለስ አብረው ፊልም ይገባሉ። እሷ ስታለቅስ እሱ ቅንድቡን ሰብስቦ ያያል፤ ሲወጡ ጥያቄ አለው።

«ያ ሰውዬ ሥራ የለውም?»

«የቱ?»

«ቀኑን ሙሉ ልጅቱን ሲከተል የሚውለው።»

«አፍቅሮ ነዋ።»

«ይሁን። ግን በዚያ ዝናብ ውስጥ ሲቆም አንድ ጃንጥላ አልነበረም በሰፈሩ?»

ትስቃለች፤ ትበሳጫለችም። አንዳንዴ የሚቀልድባት ይመስላታል። እሱ ግን አይቀልድም፤ የምር ነበር የሚጠይቀው።

አንድ ቀን ከፊልም ወጥተው በሐይቁ ዳር ሲሄዱ ቆም አለና፣ «ወደ ጎርጎራ ተመድቤያለሁ» አላት። «መርከቡ የሚጠገነው እዚያ ሊሆን ነው። ሁለት ክፍል ቤት ይሰጡኛል፤ ጣሪያው ያፈስስ ነበር፣ ጠግኜዋለሁ። ትምህርት ቤቱንም ሄጄ ጠይቄያለሁ። የሂሳብ አስተማሪ የላቸውም። ከፈቀድሽ አባቴን ሽማግሌ አድርጌ ልላክ?»

እናትዓለም ይህችን ቀን በልቧ ብዙ ጊዜ አይታታለች። በልቧ ባየቻት ቀን ግን ጣሪያ አልነበረም። ድምፁ ይንቀጠቀጣል ብላ ጠብቃ ነበር፤ ያለ አንቺ አልኖርም የሚል ነገር፣ ቢያንስ እጇን መያዝ። ጌትነት እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከትቶ፣ ስለ ጭነት የሚነጋገር ሰው መስሎ ቆሟል።

«እንዲህ ነው የሚጠየቀው?» አለችው።

«እንዴት ነው የሚጠየቀው?»

«እሱንም እኔ ልንገርህ?»

ዝም አለ። እሷም ዝም አለች። ከዚያ፣ «አስብበታለሁ» አለችውና ወደ ቤቷ ሄደች። ይከተለኛል ብላ ቀስ ብላ ነበር የሄደችው። አልተከተላትም። በፊልም ቤት ትምህርቷ የሴት ልጅ እንቢታ የመጀመሪያው ክፍል ነው፤ ወንዱ ሰብሮ እስኪገባ የሚጠብቅ በር ነው። ጌትነት ግን አስብበታለሁ የተባለ ሰው እስኪታሰብበት ይጠብቃል ብሎ ያደገ ነው። ሳምንታት አለፉ። ሰላምታ ሲሰጣት እንኳ ነገሩን አላነሳባትም፤ እሷም ይህን ትዕግሥቱን ቅዝቃዜ አደረገችው።

በመጨረሻ በየሺመቤት ቃል ላከባት። የሺመቤትም እንደተነገራት አድርጋ አደረሰች፦ «እሑድ ጠዋት በመርከቡ ጓዜን ይዤ እሄዳለሁ። ወደብ ከመጣች እሺ ማለቷ ነው፤ በሳምንቱ ሽማግሌ እልካለሁ። ካልመጣች እንቢ ማለቷ ነው፤ ሁለተኛ አላስቸግራትም።»

እሑድ ጠዋት እናትዓለም ነጭ ቀሚሷን ለበሰች። ወደቡ ከጊዮርጊስ ጀርባ ነው፤ ቅዳሴ ያስቀደሰ ሕዝብ በመንገዱ ላይ ይፈስሳል። እሷ ግን እስከ መርከቡ አልሄደችም። ዳር ላይ ካለው ትልቅ የሾላ ዛፍ ሥር ቆመች፤ ግማሽ አካሏ ከግንዱ ጀርባ ነው። ያሰበችው እንዲህ ነበር፤ እሱ ከመንገደኛው መሀል ይፈልገኛል፣ ያጣኛል፣ አያስችለውም፣ ከመርከቡ ወርዶ ወደ ቤቴ ሊሮጥ ሲል እኔ ከዛፉ ጀርባ እወጣለሁ። ይህን ስታስብ ፈገግ ብላ ነበር፤ ያ ፈገግታ ነው በኋላ ለዓመታት ያሳፈራት።

ጌትነት መርከቡ ጫፍ ላይ ቆሞ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ወደ መንገዱ አየ። ብዙ አየ። መርከቡ ጮኸ። ገመዱ ተፈታ። እናትዓለም አሁን ይወርዳል አለች። በመርከቡና በድንጋዩ መሀል ውሃ ገባ፤ አንድ ክንድ፣ ከዚያ አንድ ጀልባ የሚያሳልፍ። አሁን ይወርዳል አለች። መርከቡ አፍንጫውን ወደ ሰሜን ሲያዞር ጌትነት ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ሞተሩ ገባ።

በሚቀጥለው መርከብ ይመጣል ብላ ጠበቀች። ከዚያም በሚቀጥለው። እሷ ሄዳ ብትፈልገው ማን ይከለክላታል? ማንም። ግን እስከዚያ ድረስ ሴቲቱ ሄዳ የፈለገችበት ፊልም አላየችም ነበር፤ ቢኖር እንኳ እዚያ ቪዲዮ ቤት አልደረሰም። ዓመት አልፎ ጌትነት ከጎርጎራ ሰው አገባ ሲባል ሰማች። የዚያን ዕለት ክፍል ገብታ አስተማረች፤ አልተሳሳተችም።

አሁን ወደ ዘንድሮው እንምጣ። ታኅሣሥ ውስጥ ጸሎት፣ «አዲስ ፊልም ገብቷል፣ ጣና ላይ ነው የተቀረፀው፣ ሰዉ ሁሉ ፈታ እያለ ነው» ብላ ለዘጠኝ ሰዓቱ ትርኢት ይዛት ገባች። እናትዓለም ገና ከመጀመሪያው ነቀፋዋን ጀመረች። ልጁ በጣም ያምራል፤ እንዲህ የሚያምር ሰው ብቻውን አይቀመጥም። ልጅቱ ስታለቅስ ኩሏ አይበላሽም። ቢሆንም ከግማሽ በኋላ ተያዘች። ልጁና ልጅቱ ባሕር ዳር ላይ ተጣሉ፤ እሱ ሁሉን ትቶ በመርከብ ወደ ጎርጎራ ሊሄድ ተሳፈረ። መርከቡ ተነሳ። ልጅቱ እየሮጠች ወደቡ ላይ ደረሰች። ልጁ አያት።

«አቁሙ!» ብሎ ጮኸ።

ከሞተሩ ክፍል አንድ ሽማግሌ ብቅ አሉ። ፀጉራቸው ነጭ ነው፣ ትከሻቸው ጎበጥ ብሏል። ልጁን አዩ፤ ዳሩን አዩ። በእጃቸው ጨርቅ ይዘዋል። ጨርቁን ከትንሿ ጣታቸው ጀምረው፣ አንድ በአንድ፣ ጣቶቻቸው ላይ አሳለፉት። ከዚያ ሞተሩን ቀነሱትና፣ «ውረድ» አሉት ልጁን፤ ጮክ ሳይሉ።

ልጁ ውሃው ውስጥ ዘለለ። አዳራሹ በጭብጨባና በፉጨት ተናወጠ። ጸሎትም ታጨበጭባለች። ዞር ስትል አክስቷ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ እንደ ድንጋይ ተቀምጣለች። አላለቀሰችም። ጸሎትን ያስፈራት ይኸው ነው።

«እቴቴ፣ ምን ሆንሽ?»

«ሰውየውን አውቀዋለሁ።»

«የቱን? አክተሩን?»

«ሞተረኛውን» አለች እናትዓለም።

ከአዳራሹ ወጥተው ሐይቁ ዳር አንድ ሻይ ቤት ተቀመጡ፤ እዚያ ነው ታሪኩን ለመጀመሪያ ጊዜ ከአፏ ያወጣችው። ጸሎት ስልኳን ጠረጴዛው ላይ ደፍታ አንድ ቃል ሳትዘል ሰማች። ስትጨርስም፣ «እና ከዛፉ ጀርባ መሆንሽን ያውቃል?» አለቻት።

«አያውቅም።»

«ታዲያ በምን ያውቅልሻል?»

እናትዓለም ሻዩን አማሰለች። ስኳሩ ቀድሞ ሟሙቷል።

«ሂጂ» አለች ጸሎት። «የትም አልጠፋም። ጎርጎራ ነው። ሂጂና ንገሪው።»

«ምን ብዬ? ሚስት አለው፣ ልጆች አሉት። እኔ ደግሞ አሮጊት ነኝ።»

«ፊልሙን አየሁት በይው። እንኳን ደስ ያለህ በይው። ሌላውን እዚያ ስትደርሺ ታውቂዋለሽ።»

ጥር ውስጥ የሴሚስተሩ እረፍት ሲመጣ ሄደች። የመኪናው መንገድ አንድ ሰሞን ሲከፈት አንድ ሰሞን ሲዘጋ ስለነበር በውሃ ሄደች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲነሳ ስታየው የኖረችውን መርከብ ስትሳፈር ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። ጎርጎራ ወርዳ ወደቡ ላይ ጌትነት የሚባል ሰው ብላ ስትጠይቅ ሁሉም ሳቁ። «ፊልም የሠራው ጌትነት?» አሏትና ዳገቱ ላይ ያለ ቤት አሳዩዋት።

በሩን የከፈተችላት ሚስቱ ሙሉነሽ ናት። ሰፋ ያለች፣ ዓይኗ የሚስቅ ሴት። እናትዓለም ከባሕር ዳር የመጣች የድሮ ጓደኛ መሆኗን ስትነግራት ሌላ ጥያቄ ሳትጨምር እጇን ይዛ አስገባቻት።

«ግቢ፣ እኅቴ። በፊልሙ ሰበብ ያልመጣ ሰው የለም። ዘንድሮስ ተዋናይ አግብቼ ተቀምጫለሁ» አለች። «እስኪመጣ አሳ ቅመሺ።»

ጌትነት ከወደቡ ሲመለስ በሩ ላይ ቆሞ አያት። ወዲያው ነው ያወቃት። «እናትዓለም» አለ፤ ስሟን ሙሉውን፣ ሳያሳጥር። ከዚያ ጉንጭ ለጉንጭ ተሳሳሙ፤ በልተው ስለ ልጆቹ ተጨዋወቱ፤ ትልቋ አንበሳሜ ጤና ጣቢያ እንደምትሠራ፣ ትንሹ ጎንደር እንደሚማር። ፀሐይ በረድ ሲል ሙሉነሽ ራሷ፣ «ወደቡን አሳያት እንጂ፣ ከዚያ ድረስ መጥታ» አለችው።

ቁልቁል ወረዱ። ፔሊካኖች ውሃው ላይ ተንሳፍፈዋል። እናትዓለም ከቤት ጀምሮ ያዘጋጀችውን ተናገረች።

«ፊልሙ ላይ አየሁህ። ጎበዝ ነህ።»

«ኧረ ተይኝ። ያ ልጅ እኮ መዋኘት አይችልም። ሲዘል እኔ ነበርሁ የማወጣው። ልብሱን ቀይሮ ደግሞ ይዘላል፣ ደግሞ አወጣዋለሁ። ሳላቄም የጨረስሁት በእግዚአብሔር ነው።»

ሳቀች። ከዚያ ጠየቀችው። «ውረድ የምትለውን እነሱ ናቸው የሰጡህ?»

«አይ» አለ። «ሞተሩን ቀንስ ብቻ ነበር የተባልሁት። ልጅቱ ዳር ላይ ስትቆም ሳይ አፌ ላይ መጣ። እነሱም ወደዱትና ተዉት።»

ጥቂት ሄዱ። አንድ የተገለበጠ ጀልባ ላይ ተቀመጡ።

«ያን ዕለት አየሁሽ እኮ» አለ።

«የት?»

«ሾላው ሥር። ነጭ ቀሚስ ለብሰሽ ነበር።»

እናትዓለም ጆሮዋን ማመን አቃታት። ስንት ዓመት ያለቀሰችበት ነገር አላየኝም የሚል ነበር፤ ቢያየኝማ ኖሮ የሚል።

«ካየኸኝ» አለች፣ «ካየኸኝ ለምን አልመጣህም?»

«ተደብቀሽ ነበራ» አለ ጌትነት። «እሺ ብትዪ ኖሮ ወደ መርከቡ ትመጪ ነበር። እንቢ ብትዪ ቤትሽ ትቀሪ ነበር። አንቺ ከዛፍ ጀርባ ቆምሽ። እንቢ ማለቱ ከብዷት፣ ግን ሳታየኝ እንድሄድ ስላልወደደች መጣች አልሁ። የተደበቀን ሰው ሄዶ ማጋለጥ ነውር መሰለኝ። እንዲያውም አመሰገንሁሽ፤ ስትሸኚኝ ደግ ሰው ናት አልሁ።»

ነፋሱ ከውሃው በኩል መጣ። እናትዓለም በሕይወቷ ሙሉ ካየቻቸው ፊልሞች ሁሉ አንዲት ቃል ፈለገች፤ አላገኘችም። ስለዚህ እንዳለ ተናገረችው።

«እንድትመጣ ነበር የቆምኩት። መጥተህ እንድትወስደኝ።»

«ከዛፉ ጀርባ?»

«ከዛፉ ጀርባ።»

ጌትነት ዞሮ አያት። አልሳቀም፤ አልተቆጣምም። በወጣትነቱ ከፊልም ቤት ሲወጡ ያደርገው እንደነበረው ቅንድቡን ሰብስቧል።

«እንዴት አድርጌ አውቀዋለሁ?» አለ።

የምር ጥያቄ ነበር፤ ልክ እንደ ጃንጥላው። ተማሪ ምክንያት ሲደረድር የማትሰማ ሴት፣ አሁን ለራሷ የምትደረድረው አንድ ምክንያት አጣች።

«ከዚያ በኋላ ብዙ ሰሞን መርከብ ሲገባ የሚወርደውን ሰው ቆሜ አይ ነበር» አለ ጌትነት፤ ለራሱ እንደሚያወራ። «ሐሳቧን ትለውጥ ይሆናል እያልሁ። በኋላ ተውሁት። ሙሉነሽ ጥሩ ሰው ናት።»

«አይቻለሁ።»

«ደስ ብሎኝ ነው የኖርሁት፣ እናትዓለም። እንድታዝኚ አይደለም የምነግርሽ። እንድታውቂው ነው።»

ይህን በርኅራኄ ነበር ያለው፤ ያመማትም እሱ ነው። በድሮውም በአዲሱም ፊልም የተለየው ሰው በሆነ ቦታ ተቀምጦ ያዝናል፤ ሴቲቱ ስታገኘው ሐዘናቸው እኩል ነው፤ ተቃቅፈው ይካፈሉታል። የወደደ፣ የጠበቀ፣ ጠብቆ የተወ፣ ከዚያም ደስ ብሎት የኖረ ሰው ፊት አንዲት ሴት ምን እንደምትሆን ያሳያት ፊልም አልነበረም። ሐዘኑ የእሷ ብቻ ነበር፤ ሙሉውን።

«ደስ ብሎኛል» አለች። ግማሹ እውነት ነበር።

ሳይመሽባቸው ወደ ቤት ተመለሱ። ሙሉነሽ አልጋ አንጥፋላት ነበር። መርከቡ በሚመለስበት ጠዋት ባልና ሚስት ሁለቱም ሸኟት፤ ሙሉነሽ የደረቀ አሳ በወረቀት ጠቅልላ አስያዘቻት፣ «ያቺን የወንድምሽን ልጅ ይዘሻት ነይ» አለቻት፤ እናትዓለምም እሺ አለች። ጌትነት ጥገና ላይ ስለነበር አልተሳፈረም። መርከቡ ሲነሳ ገመዱን የፈታው ግን እሱ ነው።

መርከቡ ላይ ከሽንኩርት ጆንያዎቹ አጠገብ ተቀመጠች። ፊት ለፊቷ አንድ አዛውንት አሉ፤ መሪጌታ ገብረ መስቀል ይባላሉ፣ ከጎንደር ተነስተው ወደ ደቅ ደሴት ማኅበራቸው የሚመለሱ። ጎርጎራ ከዓይን እስኪጠፋ ምንም አልሆነችም። ከጠፋ በኋላ ግን እንባዋ መጣ፤ ሲኒማ ውስጥ እንደሚመጣው አይደለም፤ ድምፅ የለው፣ ማባሪያ የለው። ነጠላዋን ብትጎትት አልቆመላትም።

መሪጌታ ብዙ ታገሡ። በኋላ ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ ለቅሶ ደርሰሽ ነው የምትመለሽ?» አሏት።

እናትዓለም ቀና አለች። የምትለውን አሰበች።

«አዎ፣ አባቴ።»

«የቅርብ ነው?»

«ቆይቷል። ያኔ ሳልደርስ ቀርቼ ነው።»

«የቆየም ቢሆን ለቅሶ ለቅሶ ነው» አሉ መሪጌታ። «እግዚአብሔር ያጽናሽ።»

«አሜን» አለች።

ማን እንደሞተባት አልጠየቋትም። ፀሐዩ እየበረታ ነበርና ጃንጥላቸውን ዘርግተው ወደ እሷ አዘነበሉላት፤ መርከቡም ወደ ቁንዝላ ሄደ።